የተናጋሪው መጋረጃ

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ገንዘብ ስቀበልና ስከፍል እውላለሁ። በመስታወቱ ላይ ለድምፅ ማሳለፊያ የተበጀች ትንሽ ቀዳዳ አለች። በዚያች ቀዳዳ በኩል ባለፉት ዓመታት የሰማሁትን ሁሉ ብተርከው ውድ አንባቢ ላያምነኝ ይችላል። ብር ሊያወጡ የመጡ አዛውንት፣ ብሩ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው፣ ከልጃቸው ጋር እንደተኳረፉ አጫውተውኛል። ፊርማዋ አልመሳሰል ያለ አንዲት ሴት «እሱ ከሞተ ወዲህ እጄ ይንቀጠቀጣል» ብላኛለች። እነዚህ ሰዎች መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ከሰላምታ በቀር ቃል አይተነፍሱም። መስታወቱ በመካከላችን ስለቆመ፣ እኔም ስማቸውን ከደብተር ላይ ብቻ የማውቅ ባዕድ ስለሆንኩ ነው የሚነግሩኝ።

ይህን ያስተዋልኩት ግን እኔው ራሴ ከመስታወቱ ማዶ ከቆምኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ በዘለቀበት ጊዜ ታላቅ ወንድሜን አጣሁ። ለቅሶው ተለቀሰ፤ ድንኳኑ ተነሣ፤ ተዝካሩም ወጣ። ከዚያ በኋላ እኔ ዝም አልኩ። ሥራ እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ፤ እራቴን በልቼ እተኛለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ። አንድ ዓመት ያህል ይህንኑ ስትሰማ ኖራ፣ አንድ ቀን ልጃችንን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ሽማግሌ እንዳልልክ ምን ብዬ ልላክ? አልተጣላን፤ ክፉ ቃል አልተለዋወጥን።

በውጭ አገር የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ ነገሩን በስልክ ሲሰማ፣ አዲስ አበባ ተቀምጣ በኢንተርኔት አማካይነት ሰው የምታማክር አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ መኖሯን ነገረኝ። በመጀመሪያ ሳቅሁ። ኀዘንን በስልክ መስኮት! በዚህ የድንጋይ ግንብ ከተማ የኖሩት አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

ጥያቄውን ያነሣሁት ለቀልድ ነበር። ውሎ አድሮ ግን መጻሕፍት እንዳገላብጥ አደረገኝ። ያገኘሁት መልስም ቀልዴን መለሰብኝ። የጎንደር ሰው ውስጡ ያለውን ሕመም ፊት ለፊት የተናገረበት ዘመን የለም። ሁልጊዜ በተናጋሪውና በሰሚው መካከል አንድ መጋረጃ ነበረ። ከዘመን ዘመን የተለዋወጠው የመጋረጃው ዓይነት ነው።

*

አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጓት ወዲህ ከተማይቱ የአድባራትና የሊቃውንት ማዕከል ሆና ኖራለች። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ላደገ ሰው የመጀመሪያው አድማጭ የነፍስ አባቱ ነው። የነፍስ አባት የቤቱን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጅ ሲወለድ ይመጣል፤ ሰው ሲሞት ይፈታል። በኑዛዜ የሰማውን ለሌላ ማውራት ለካህን ክልክል ነው። እዚህ ላይ መጋረጃው የካህኑ ቃል ኪዳን ነው። ስንት የተጨነቀ ሰው በዚህ ቃል ኪዳን ተማምኖ ሸክሙን እንዳራገፈ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል።

ነገር ግን ወደ ኑዛዜ የሚቀርብ ሰው በደሉን ይዞ ነው። ላጠፋው ቀኖና ይቀበላል፤ ቀኖናውን ፈጽሞም ይፈታል። ስም ያላወጣለት ሕመም ይዞ የመጣ ሰው ከምን እንደሚጀምር ይጨንቀዋል። የእኔም ነገር እንዲሁ ነበር። የነፍስ አባቴ ቤቴን ጠበል ሊረጩ በመጡ ቀን አተኩረው አይተውኝ «ምን ሆነሃል ልጄ?» አሉኝ። የትኛውን ኃጢአት ብዬ እንደምናዘዝ ጠፋኝና «ደህና ነኝ አባቴ» አልኳቸው።

ሁለተኛው አድማጭ ሽማግሌ ነው። ባልና ሚስት ሲጋጩ ከሁለቱም ወገን የተከበሩ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ የበደለ ይክሳል፤ የተበደለ ይቅር ይላል። ይህ ሥርዓት ስንቱን ትዳር ከመፍረስ አድኗል። ሽማግሌ ግን ከሳሽና ተከሳሽ ይፈልጋል። ዝምታ ከሳሽም ተከሳሽም የለውም።

ሦስተኛው የለቅሶ ቤት ነው። ኀዘንተኛው መናገር ሲያቅተው አልቃሿ የእሱን ነገር በግጥም ታወርድለታለች። የሟቹን ጀግንነት፣ የቀሪውን ብቸኝነት፣ አንዳንዴም በቤተሰቡ መካከል የታፈነውን ቅሬታ በሰምና ወርቅ ሸፍና ታወጣዋለች። እሱ ደረቱን እየመታ በሌላ ሰው አፍ ያለቅሳል። መጋረጃው የአልቃሿ ግጥም ነው። ይሁን እንጂ ድንኳኑ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ ከተዝካሩ በኋላ የመጣ ዕንባ ባለቤት የለውም።

*

መጋረጃ የሌለው ሰውስ ምን ይሆናል? ከአገራችን ሰው ምሳሌ ብፈልግ ከቋረኛው ካሳ የሚቀድምብኝ የለም።

ካሳ እ.ኤ.አ. በ1855 በሰሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ ጭነው ቴዎድሮስ ሲባሉ፣ ልባቸውን የሚያጫውቷቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ። አንዷ የራስ አሊ ልጅ ባለቤታቸው ተዋበች ናት። ሌላው «ሊቀ መኳስ» የሚል ማዕረግ የሰጡት እንግሊዛዊው ወዳጃቸው ጆን ቤል ነው። ተዋበች እ.ኤ.አ. በ1858 አረፈች። በ1860 የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ተመትቶ ሞተ። በዚያው ዓመት ቤልም በጦር ሜዳ በንጉሡ ፊት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያገቧት ጥሩወርቅ፣ ድል ነሥተው ያሰሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት፤ በዚያ ትዳር ውስጥ ሰላም እንዳልነበረ ይታወቃል።

በዘመኑ የነበሩ የውጭ ሰዎችም ሆኑ ከዚያ በኋላ የጻፉ የታሪክ ሰዎች፣ ከእነዚህ ሞቶች ወዲህ የንጉሡ ጠባይ እየከበደ መሄዱን ያነሣሉ። የአንድን ንጉሥ ቁጣ በኀዘኑ ብቻ መተርጎም አይገባም፤ የመሳፍንቱ ዐመፅ፣ የቤተ ክህነቱ ጠብ፣ የባዕድ መንግሥታት ዝምታ ሁሉ ድርሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1866 የተዘረፉትንና የተቃጠሉትን የጎንደር አድባራት ደግሞ የዚህች ከተማ ልጅ ሆኖ የሚረሳ የለም፤ ኀዘን ለዚያ ማስተስረያ አይሆንም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የንጉሥ ቃል ሁሉ ዐዋጅ ነው። ቢያለቅሱ ሠራዊቱ ያያል፤ ቢቆጡ ሰው ይሞታል። ቃላቸውን ዐዋጅ ሳያደርግ የሚሰማቸው ሰው ከተዋበችና ከቤል በኋላ ማን ቀረላቸው? በ1868 መቅደላ ላይ በገዛ ሽጉጣቸው ሲያልፉ በዙሪያቸው የቀረው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር።

*

ወደ ተራው ሰው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጂቡቲ በሚሻገር የፈረንሳይ የጥናት ጉዞ ውስጥ የነበረ ሚሼል ሌሪስ የተባለ ወጣት ደራሲ ወደ ጎንደር መጣ። የጉዞው መሪ ማርሴል ግሪዮል ነበር። ቡድኑ ለአምስት ወራት ያህል እዚሁ ተቀመጠ። የሌሪስ ታሪክ ለጉዳያችን ልዩ ቅርበት አለው፤ ምክንያቱም ሰውየው ወደ አፍሪካ ከመምጣቱ በፊት ፓሪስ ውስጥ አድሪያን ቦሬል በተባለ ሐኪም ዘንድ የንግግር ሕክምና ሲከታተል የነበረ ነው። የልብን ነገር ለባለሙያ ከፍሎ መናገር ምን እንደሆነ በራሱ ያውቀዋል።

ይህ ሰው ጎንደር ላይ ደጅ ሲጠና የከረመው በአታ ሰፈር በነበረችው የመልካም አየሁ ቤት ነው። መልካም አየሁ በዛር የታወቀች፣ ሕመምተኞች ከየአቅጣጫው የሚመጡላት ሴት ነበረች። በአስተርጓሚው በአባ ጀሮም አማካይነት ሌሪስ ቀን ከሌሊት የሆነውን ሁሉ መዘገበ፤ የጉዞ ማስታወሻውን በ1934፣ ስለ ጎንደር ዛር ብቻ የጻፈውን ጥናት ደግሞ በ1958 አሳተመ። በዚያ ጥናት የዛርን ሥርዓት ከቲያትር ጋር አስተያይቶታል።

ቤተ ክርስቲያን ዛርን ታወግዛለች። እኔም ላወድሰው አልተነሣሁም። እንደ ታሪክ ተመልካች ግን አንድ ነገር ልጠቁም። ዛር የሰፈረባት ሴት «ፈረስ» ትባላለች፤ የሚናገረው በእሷ ላይ የተቀመጠው ጋላቢ ነው። በቤቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ ዛሯ ሲወርድ ልብስ ይጠይቃል፤ ቡና ያዝዛል፤ ባሏንም ይገሥጻል። ሰዎች ጎንበስ ብለው ይሰሙታል። ሲያልፍላት «ምን አልኩ?» ብላ ትጠይቃለች። እሷ አልተናገረችም፤ ዛሩ ነው። መጋረጃው እዚህ እጅግ ወፍራም ነው። ያቺ ሴት ሕመሟን አውጥታ ትናገራለች፤ «እኔ» ብላ ለመናገር ግን አልታደለችም።

*

ዘመናዊው ሕክምና ወደ አገራችን የገባው በሌላ በር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ተከፈተ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ተቋም የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍልም አለው። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን ገና በ2003 ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትብብር። ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ ሠልጥነው የሚመጡት ከውጭ ነበር።

ሕክምናው ቢኖርም በሩ ይታያል። ጎንደር ሁሉም የሁሉም ዘመድ የሆነባት ከተማ ናት። «እገሌን የአእምሮ ክሊኒክ በር ላይ አየሁት» የሚል ወሬ ከእገሌ ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል። አማኑኤል የሚለው የአምላክ ስም እንኳ በሰው አፍ ላይ መሳለቂያ ሲሆን ሰምተናል። እንግዲህ መጋረጃ የሌለው ሕክምና ስንቱን ሰው ከደጅ እንደመለሰ መገመት አያዳግትም።

በሌላው ዓለምም የመጋረጃ ፍለጋው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻድ ቫራ የተባለ የእንግሊዝ ቄስ፣ ሕይወታቸው ያስመረራቸው ሰዎች ስማቸውን ሳይናገሩ የሚደውሉበት ስልክ ለንደን ውስጥ አቋቋመ። በ1966 ደግሞ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ ጆሴፍ ዋይዘንባም «ኤሊዛ» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማዘጋጀቱን ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም የተጻፈለትን ቃል ወደ ጥያቄ ለውጦ ከመመለስ በቀር አንዳች አያውቅም። የራሱ የዋይዘንባም ጸሐፊ ግን ከማሽኑ ጋር ጥቂት ከተጻጻፈች በኋላ አለቃዋን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ማሽን መሆኑን እያወቀች! በ1986 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስማቸውን ደብቀው በኮምፒዩተር ምክር መጠየቅ ጀመሩ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው። በ2020 ኮሮና ሰውን ሁሉ በየቤቱ ሲያስቀምጥ፣ ሐኪሙም ታካሚውም ወደ ስልኩ መስኮት መጡ። ለድብርትና ለጭንቀት በዚህ መንገድ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና በአካል ከሚሰጠው እምብዛም እንደማያንስ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

*

እኔም በ2023 መጀመሪያ ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በሬን ዘግቼ መቀመጥ ጀመርኩ። ክፍያውን ከሒሳቤ ሳስተላልፍ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ልዩ ልዩ» ብዬ እጽፍ ነበር፤ የሥራ ባልደረባ እንዳያይብኝ። ካሜራዬን አልከፈትኩም። ባለሙያዋም ክፈት ብላ አላስጨነቀችኝም። «እርስዎ በሚመችዎት ይሁን» አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ እንዲህ አልኳት፦ «ሰው ወንድሙን ሲያጣ ቤቱ ይጠበዋል፤ ሚስቱንም ማየት ያሳፍረዋል።»

«ሰው ሲሉ ማንን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አሉ?» አልኳት። «አለሁ፤ እየጠበቅሁዎት ነው» አለች።

«እኔን ነው» አልኩ።

ስለ መልካም አየሁ ቤት ያነበብኩት ትርጉም የሰጠኝ ያን ሌሊት ነው። እኔም እስከዚያ ሰዓት ድረስ «ሰው» የሚባል ጋላቢ ጭኜ ስናገር ኖሬያለሁ። ይህ አዲሱ መጋረጃ ፊትን ይሸፍናል፤ «እኔ» የምትለዋን ቃል ግን አይሸፍንም። ከቀድሞዎቹ የሚለየውም በዚህ ይመስለኛል።

ከዚያም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ወንድሜ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ደውሎልኝ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከሥራ ስወጣ እደውልለታለሁ ብዬ ዘጋሁት። ስወጣ ስደውል አልተነሣም። ከዚያ ወዲያም አልተነሣም።

ነገሩን ያለ እንከን አስመስዬ ማቅረብ አልሻም። በጃናሞራ ወይም በበየዳ ደጋ ያለች፣ ስልኳ በባሏ እጅ የሆነ ሴት ይህ መስኮት አልተከፈተላትም። በኢንተርኔት አማካሪ ነኝ የሚል ሁሉ የተማረ አይደለም፤ ፈቃዱንና ትምህርቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ወይም አእምሮው የታወከ ሰው አጠገቡ ሰው፣ ቅርቡም ሆስፒታል ሊኖረው ይገባል እንጂ በስልክ መስኮት ብቻ የሚተው አይደለም። መስኮቱ ደግሞ ሊዘጋ ይችላል። በነሐሴ 2023 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ማክሰኞ መጣ፤ ማክሰኞ ሄደ። ተኩስ በከተማው ውስጥ በሚሰማባቸው በእነዚያ ሌሊቶች ስልኬን ይዤ እቀመጥ ነበር፤ የምጠብቀው እንደሌለ እያወቅሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለሙያዋ በመደበኛው ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። ለጥቂት ደቂቃ ተነጋገርን። ከመስመሩ ከመውጣቷ በፊት «ለእኔ የነገሩኝን ሌላ ሊሰማው የሚገባ ሰው አለ?» አለችኝ። መልሴን ሳትሰማ መስመሩ ተቆረጠ።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ወደ አማቴ ቤት ሄድኩ። መብራት አልነበረም። ባለቤቴ ከሰል አያይዛ ቡና ልታፈላ ነበር፤ ልጃችን ተኝቷል። አማቴ ሰላም ብለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ። በጨለማው ውስጥ ከፍሙ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ያን ለባለሙያዋ የነገርኩትን፣ ያን የረፋድ ጥሪ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። «እኔ» እያልኩ።

ባለቤቴ ፍሙን እየቆሰቆሰች ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ያን ቀን ማታ ስልክህን አይቼ ነበር» አለችኝ። «አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

ከዚያ ወዲህ ባለሙያዋን ያገኘኋት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ኢንተርኔቱም ተመለሰ። ባለቤቴና ልጄ ቤታቸው ናቸው። አሁንም አንዳንድ ቀን «ደህና ነኝ» የምትለው ቃል አፌ ላይ ትመጣለች፤ ባለቤቴም «ማን ነው ደህና?» ትለኛለች። ያን ሰሞን በባንክ ወረቀት ጀርባ ላይ የሞነጫጨርኳትን አራት ስንኝ ጥዬ ልሰናበት።

ደህና ነኝ እያልኩኝ ዓመት የሸፈንኩት፣
በጨለማ መሀል ለሚስቴ ነገርኩት፤
ቀድሞ የምታውቀውን እንዳዲስ ሰማችው፣
መብራት ሲመጣማ ዕንባዬን አየችው።